ውሉ መዝገቡ ውስጥ ነው፦ በ70 ኪዩቢቶች ላይ ቁርኝትን የማየት የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የጉግል ኳንተም ኤአይ ቡድን ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ተቋማት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ የሙከራ ውጤት አሳተመ። ኪዩቢት የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ ነው። ቡድኑ ኤሌክትሪክን ያለ እክል በሚያስተላልፍ ቁስ የተሠሩ (ሱፐርኮንዳክቲንግ የሚባሉ) እስከ 70 የሚደርሱ ኪዩቢቶችን በአንድ ላይ አሠርቶ፣ አብዛኞቹን ለክቶ፣ ልኬቱ በሥርዓቱ ውስጥ የኳንተም መረጃን እንዴት እንደሚያደራጅ አሳየ። ጉዳዩን አንድ በአንድ ልዘረዝረው የፈለግሁት በኪዩቢቶቹ ብዛት ተደንቄ አይደለም። እዚያ የታየው ነገር በተለመደው የአለካክ መንገድ ጨርሶ ስለማይታይ ነው። ኪዩቢቶቹ ያሉበትን ያንኑ ቺፕ ሺህ ጊዜ አሠርቶ አማካይ ያወጣ ሰው ምንም አያገኝም። ነገሩ ብቅ የሚለው ቺፑና የልኬቱ መዝገብ ጎን ለጎን ሲነበቡ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቁርኝት የምለው በፊዚክስ ኢንታንግልመንት የሚባለውን ነው። ስሙን በ1935 ያወጣለት ኤርዊን ሽሮዲንገር ነበር። ሁለት ኪዩቢቶች ሙሉ በሙሉ ሲቆራኙ የጥንዱ ሁኔታ ፍጹም የታወቀ ይሆናል፤ አንዱን ለብቻው ነጥሎ የሚያይ ግን ከተወረወረ ሳንቲም የተለየ ነገር አያገኝም። ዕውቀቱ ያለው በመካከላቸው እንጂ በአንዳቸው ዘንድ አይደለም። ኪዩቢቶቹ ሲበዙ ይኸው ነገር እንደ ልቃቂት ይጠመጠማል። የልቃቂቱ ውል ከጠፋ ክሩ ሁሉ እዚያው እያለ መተርተሪያ አይገኝለትም።

ለጉዳዩ መነሻ የሆነው ሞዴል ቀላል ነው። ኪዩቢቶች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። በየእርምጃው ጎረቤታሞች በዘፈቀደ በተመረጡ ጌቶች፣ ማለትም የኪዩቢቶችን ሁኔታ በሚለውጡ ክንውኖች፣ ይገናኛሉ፤ ይህ ቁርኝትን ያሰፋል። በየእርምጃው ደግሞ እያንዳንዱ ኪዩቢት በተወሰነ ዕድል ይለካል፤ የተለካው ኪዩቢት ቁርጥ ያለ 0 ወይም 1 ይሆንና ከሌሎቹ ጋር የነበረው ቁርኝት ይበጠሳል። የልኬቱ ውጤት በሙሉ ይመዘገባል። ክትትል የሚደረግበት የኳንተም ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው። ጥያቄውም፦ አንዱ እየቋጠረ ሌላው እየበጠሰ በመጨረሻ ማን ያሸንፋል?

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መልስ ልኬት ያሸንፋል የሚል ነው፤ ምክንያቱም ጠንካራ ስለሆነ ላቆይበት። መስመሩን ከመሃል ለሁለት እንክፈለውና በግራውና በቀኙ መካከል ያለውን ቁርኝት እንቁጠር። በአንድ እርምጃ አዲስ ቁርኝት ሊጨምር የሚችለው ድንበሩን የሚሻገረው ጌት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ጌቶች እዚያው በየወገናቸው ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ መስመሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ጭማሪው ያው ነው። ልኬት ግን በየቦታው ይካሄዳል፤ መስመሩ ሲረዝም የሚለኩት ኪዩቢቶችም ይበዛሉ። ገቢው ቋሚ፣ ወጪው ከርዝመቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ፣ ልኬቱ ምንም ያህል ቢሳሳ ቁርኝቱ ውሎ አድሮ ተሟጦ በድንበሩ አካባቢ ጥቂት ብቻ ሊቀር ይገባል።

ሆኖም እንዲህ አይደለም። በ2018 እና በ2019 ያኦዶንግ ሊ፣ ሺያኦ ቼን እና ማቲው ፊሸር በአንድ ወገን፣ ብራያን ስኪነር፣ ዮናታን ሩህማን እና አዳም ናሁም በሌላ ወገን ያወጧቸው ሥራዎች ሁለት የተለያዩ መልኮች እንዳሉ አሳዩ። ልኬቱ ሲበዛ ቁርኝቱ በእርግጥ ድንበሩ ላይ ብቻ ይቀራል። ልኬቱ ከአንድ ወሳኝ መጠን በታች ሲሆን ግን ቁርኝቱ ከመስመሩ ርዝመት ጋር እኩል ያድጋል። በመካከላቸው ያለው ለውጥ ውሃ ወደ በረዶ እንደሚለወጠው ቁርጥ ያለ ነው። በዘፈቀደ ጌቶች ለተሠራው ባለ አንድ መስመር ሞዴል ወሳኙ መጠን ከ16 እስከ 17 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ማለትም በየእርምጃው ከ10 ኪዩቢት አንዱ እየተለካ እንኳ ቁርኝቱ አይሸነፍም።

የወጪና የገቢው ሒሳብ የተሳሳተው ልኬት ሁሉ እኩል ይጎዳል ብሎ ስለተነሳ ነው። አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ለሁለት ሰዎች እናካፍል። ለአንዱ በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሌላው ምስጢሩ ላይ ለመድረስ የሚጎድለው ይሰጠዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ምስጢሩ ይወጣል፤ የአንዱን ብቻ ያየ ግን ስለ ምስጢሩ ምንም አላወቀም። ጌቶቹ የኳንተም መረጃን በብዙ ኪዩቢቶች ላይ ሲበትኑት የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። አንዱን ኪዩቢት የለካ፣ የለካውን ያህል የሚያውቅ ይመስለዋል እንጂ የተሰወረው መረጃ ጋ አልደረሰም። ማይክል ጉላንስና ዴቪድ ሂዩስ፣ እንዲሁም ከእነርሱ ጋር በተመሳሳይ ጊዜ የሠሩ ሌሎች፣ ይህ በትክክል የኳንተም ስህተት ማረሚያ ኮድ፣ ማለትም መረጃን በብዙ ኪዩቢቶች ላይ በትኖ ከብልሽት የሚጠብቅ ዘዴ፣ ባሕርይ መሆኑን በ2020 አሳዩ። ልኬቱ እንደ ስህተት ነው፤ የተበተነው መረጃ ደግሞ ራሱን ከስህተት ይጠብቃል። ማንም ያልነደፈው ኮድ በዘፈቀደ ጌቶች ውስጥ በራሱ መብቀሉን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ንድፈ ሐሳቡ እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። ወደ ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

የመጀመሪያው ችግር አማካይ ነው። የኳንተም ሙከራ የሚሠራው በድግግሞሽ ነው፤ አንድ ጊዜ የተለካ ኪዩቢት የሚሰጠው 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆነ፣ የነበረበትን ሁኔታ ለማወቅ ያንኑ ሁኔታ ደጋግሞ ማዘጋጀት ግድ ነው። እዚህ ግን በየድግግሞሹ የልኬቱ ውጤት ሌላ ነው፤ ስለዚህ የሚፈጠረውም ሁኔታ ሌላ ነው። መዝገቡን ትቶ ሁሉንም በአንድ ላይ የደመረ ሰው ሙሉ በሙሉ የተደበላለቀ ነገር ያገኛል፤ በሁለቱም መልኮች ያው ድብልቅ። ልኬቱ 5 በመቶም ይሁን 50 በመቶ አማካዩ ልዩነት አያሳይም። የመልክ ለውጡ የሚኖረው በእያንዳንዱ መዝገብ ሥር ባለው ሁኔታ ውስጥ ነው።

እንግዲያው ያንኑ መዝገብ ዳግመኛ እስኪመጣ እንጠብቅ ቢባልስ? 20 ልኬቶች ካሉ ሊሆኑ የሚችሉት መዝገቦች 1,048,576 ናቸው። ውጤቶቹ ሁሉ እኩል ዕድል ቢኖራቸውና ቺፑ በሰከንድ 100,000 ጊዜ ቢሠራ፣ አንድ የተመረጠ መዝገብ በአማካይ በየ10 ሰከንዱ ይመጣል። የሚቻል ነው። ልኬቶቹ 40 ሲሆኑ ያው መዝገብ እስኪደገም 127 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ያውም ለአንድ ድግግሞሽ፣ ሙከራው ግን ሺዎችን ይፈልጋል። 68 ልኬቶች ቢሆኑ ጥበቃው ከ93 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ይህን ግድግዳ በተሻለ ማሽን ማፍረስ አይቻልም። የቺፑን ፍጥነት ሺህ እጥፍ ማሳደግ የሚያስጨምረው 10 ልኬት ብቻ ነው።

አንዳንዶች ይህን የአሠራር ጣጣ አድርገው ያልፉታል። እኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው ባይ ነኝ። ክትትል በሚደረግበት ሥርዓት ውስጥ ቁርኝት ያለ አንባቢ የቺፑ ብቻ ንብረት ሆኖ አይቆምም። ልቃቂቱ ቺፑ ላይ ነው፤ ውሉ ግን መዝገቡ ውስጥ ነው።

ከ2023ቱ ሥራ በፊት ሁለት ሙከራዎች መንገዱን ጠርገዋል። በ2022 በታሰሩ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው አቶሞች) በሚሠራ ኳንተም ኮምፒውተር ላይ የተደረገው ሙከራ የጉላንስንና የሂዩስን ሐሳብ ተከተለ፦ አንድ ኪዩቢት ከሥርዓቱ ጋር ተቆራኝቶ ከጨዋታው ውጭ ይቀመጣል፤ ልኬቱ ሲበዛ ያ ኪዩቢት ከሥርዓቱ ይላቀቃል፣ ሲያንስ ደግሞ ተቆራኝቶ ይቆያል። የጠቅላላውን ቁርኝት ሳይሆን የአንዱን ኪዩቢት ዕጣ መከታተል በቂ ነው ማለት ነው። ሌላው ቡድን በአይቢኤም ማሽኖች ላይ እስከ 14 ኪዩቢቶች ይዞ፣ በሰርኪዩቱ (በጌቶቹ ቅደም ተከተል) መሃል እየለካ፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት ገጠመው። ሠርቷል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን በዚያ መንገድ የማይታሰብ መሆኑም አብሮ ታየ።

የ2023ቱ ቡድን የመጀመሪያ እርምጃ ልኬትን ከመሃል ማውጣት ነበር። በሱፐርኮንዳክቲንግ ቺፕ ላይ አንድ ጌት በአሥሮች ናኖሰከንድ ያልቃል፤ ኪዩቢትን ማንበብ ግን መቶዎችን ይፈጃል። ንባቡ እስኪያልቅ የቀሩት ኪዩቢቶች ይጠብቃሉ፣ ሲጠብቁም ይበላሻሉ። መፍትሔው ማቴዮ ኢፖሊቲና ቬዲካ ኬማኒ በ2021 ካቀረቡት ሐሳብ ተወሰደ። የአንድን ሰርኪዩት ሥዕል በወረቀት ላይ እናስብ፤ ኪዩቢቶቹ በአግድም ተደርድረዋል፣ ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል። አሁን ወረቀቱን ሩብ ዙር እናዙረው። ቦታ የነበረው ጊዜ ሆነ፣ ጊዜ የነበረው ቦታ ሆነ። ከጎን ሲታዩ አንዳንድ ጌቶች እንደ ቀድሞው ሙሉ ጌት ሆነው ይቀጥላሉ፤ ሌሎቹ ግን ከፊል ልኬት የሚሠራውን መሥራት ይጀምራሉ። መሃል ላይ ያልተደረገ ልኬት በመዞሩ ብቻ መሃል ላይ ተገኘ።

ይህ የወረቀት ላይ ብልሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር። ቺፑ ላይ የሚሆነውን በእርግጥ ይገልጻል። ኪዩቢቶቹ በሁለት አቅጣጫ እንደ መረብ ተዘርግተው፣ ጥቂት የጌት ንብርብሮች ብቻ ይሠሩና ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይለካሉ። ከመረቡ ሁለት አቅጣጫዎች አንዱን እንደ ጊዜ ስንቆጥረው፣ እያንዳንዱ የተለካ ረድፍ በዚያ "ጊዜ" ውስጥ የሆነ አንድ እርምጃ ይሆናል። ልኬቱን የምናበዛበትና የምናሳንስበት መዘውር ደግሞ የንብርብሮቹ ቁጥር ነው። ንብርብሮቹ ጥቂት ሲሆኑ ልኬቱ ያይላል፤ ሲበዙ ቁርኝቱ ያይላል።

ልኬት ቁርኝትን መበጠስ ብቻ ሳይሆን መፍጠርም መቻሉ የሚታየው እዚህ ነው። ሀ ከለ ጋር፣ ሐ ከመ ጋር ተቆራኝተው ሳለ ለ እና ሐ አንድ ላይ ቢለኩ፣ ፈጽሞ ተገናኝተው የማያውቁት ሀ እና መ ይቆራኛሉ። የቴሌፖርቴሽን፣ ማለትም የኳንተም ሁኔታን ከአንድ ኪዩቢት ወደ ሌላ ሩቅ ኪዩቢት የማሻገር፣ መሠረት ይኸው ነው። ነገር ግን ሀ እና መ በየትኛው መንገድ እንደተቆራኙ የሚያውቀው የለ እና የሐ ውጤት በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው። ውጤቱን የጣለ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሳንቲሞች ብቻ ይቀሩታል። በመረቡ ላይ የተደረገው ይህንኑ በብዙ ኪዩቢቶች መካከል ማካሄድ ነው።

በትንንሾቹ ሰርኪዩቶች ላይ ቡድኑ የተፈለገውን መዝገብ እየመረጠ ሌላውን መጣል ችሎ ነበር። ሰርኪዩቱ ሲያድግ ግን ግድግዳው መጣ፤ ያኔ ሁለተኛው እርምጃ ተወሰደ። አንድ ኪዩቢት እንደ መመርመሪያ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ቺፑ አንድ መዝገብና የመመርመሪያውን አንድ ውጤት ይሰጣል። መዝገቡ ለመደበኛ ኮምፒውተር ይሰጥና፣ ኮምፒውተሩ ሰርኪዩቱን አስመስሎ "መዝገቡ ይህ ከሆነ መመርመሪያው ወደዚህ ማዘንበል አለበት" ብሎ ይተነብያል። ትንበያው ከቺፑ ውጤት ጋር ይባዛል፤ ሲስማሙ አንድ ይጨመራል፣ ሲለያዩ አንድ ይቀነሳል። ከዚያ አማካይ ይወሰዳል። አሁን አማካዩ ባዶ አይደለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ድግግሞሽ በራሱ መዝገብ ቀድሞ ተቃንቷል። አንድም መዝገብ አይጣልም፣ አንድም መዝገብ እንዲደገም አይጠበቅም።

ሁለቱን መልኮች የሚለየው ጥያቄ፣ ትክክለኛ ትንበያ ለመስጠት መዝገቡን ምን ያህል ርቆ ማንበብ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ንብርብሮቹ ጥቂት ሲሆኑ የመመርመሪያው ዕጣ የሚወሰነው በቅርብ ጎረቤቶቹ ውጤት ነው፤ የሩቆቹ ቢታከሉ የሚጨምሩት የለም። ንብርብሮቹ ሲበዙ የቅርቦቹ ብቻቸውን ምንም አይናገሩም፤ ትንበያው የሚይዘው የሩቆቹ ሲጨመሩ ነው። ያ ምስጢር ለብዙ ሰዎች ቢካፈል የአንዱ ድርሻ እስከጎደለ ድረስ እንደማይወጣው ማለት ነው። በሁለት መመርመሪያዎችም እንዲሁ፣ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ተለክቶ ሳለ ሩቅ ለሩቅ ይቆራኙ እንደሆነ ታየ።

ሦስተኛውን እርምጃ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ቺፑ ይሳሳታል፤ በየጌቱና በየንባቡ ረብሻ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ረብሻውን ቀንሶ ለመደበቅ ይሞክር ነበር። እነርሱ ግን ረብሻውን ራሱን መመርመሪያ አደረጉት። ቁርኝቱ በአጭር በሚቀርበት መልክ መመርመሪያውን ሊያበላሽ የሚችለው የቅርብ ስህተት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰርኪዩቱን ማሳደግ ምልክቱን ከአንድ ደረጃ በታች አያወርደውም። ቁርኝቱ ሩቅ በሚደርስበት መልክ ግን ከየትኛውም ጥግ የመጣ ስህተት መመርመሪያው ዘንድ ይደርሳል፤ ኪዩቢቶቹ በበዙ ቁጥር ምልክቱ ይሟሟል። ምልክቱ መድከሙ ራሱ ምልክት ሆነ። እስከ 70 ኪዩቢቶች የተሄደውም በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ውጤቱ ክብደት ሐሳቤን ሳልሸፍን ልበል። አንደኛ፣ የመልክ ለውጥ በጥብቅ ትርጉሙ የሚኖረው መጠኑ ወሰን በሌለው ሥርዓት ውስጥ ነው። ጸሐፊዎቹ ያገኙትን ውሱን መጠን ባለው ሥርዓት ላይ የታየ የለውጡ ምልክት ብለው መጥራታቸው ልክ ነው፤ ከዚያ አልፎ ለውጡን አረጋግጠዋል የሚል ሰው እነርሱ ያላሉትን እያስባላቸው ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ነገር አስመስሎ መተንበይ ከቻለ ቺፑ ለምን አስፈለገ? ብዙ አስቤበታለሁ። ኮምፒውተሩ የሚናገረው ንድፈ ሐሳቡ ምን እንደሚል ነው። ቺፑ በእርግጥ እንደዚያ መሆኑን አይናገርም። ቺፑ ውስጥ ያለው የኳንተም ትስስር ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ትንበያውና ውጤቱ የሚስማሙት በአጋጣሚ ብቻ በሆነ ነበር፣ አማካዩም ዜሮ በሆነ። ስለዚህ የትንበያውና የውጤቱ ዝምድና ምስክርነት ነው፤ መዝገቡንና ኪዩቢቱን ያገናኛል የተባለው ክር በእውነተኛ ቁስ ላይ እንዳለ ይመሰክራል። ይህ ግን ምስክርነቱን ማስመሰል የሚቻልበት ክልል ውስጥ ያስረዋል። ቁርኝቱ በአጭር በሚቀርበት መልክ ማስመሰሉ ቀላል ነው። ይበልጥ ማየት የምንፈልገው ሌላኛው መልክ ግን ሰርኪዩቱ ባደገ ቁጥር ለኮምፒውተሩ በእጥፍ ላይ እጥፍ እየከበደ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ የተሞከረ አንድ ማምለጫ አለ። ጌቶቹን ክሊፎርድ በሚባሉት ብቻ መወሰን። እነዚህ ጌቶች ቁርኝትን እንደ ሌሎቹ ያሰፋሉ፤ ሆኖም መደበኛ ኮምፒውተር በብዙ መቶ ኪዩቢቶችም ላይ ያለ ችግር ይከተላቸዋል። አንዱን ሰርኪዩት ከሁለት የተለያዩ መነሻዎች አስነስቶ፣ አንዱን በቺፑ ሌላውን በኮምፒውተሩ አካሂዶ፣ መዝገቡ መነሻዎቹን መለየት ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ልኬቱ ሲበዛ መዝገቡ ይለያቸዋል፤ ልኬቱ ሲያንስ መነሻው በኮዱ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ዘዴው በአይቢኤም ቺፖች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። ዋጋው ግን የጌቶቹን ነፃነት ማጣት ነው። በማናቸውም ጌት ለተሠራ ትልቅ ሰርኪዩት፣ ቁርኝቱ ሩቅ በሚደርስበት መልክ ውስጥ፣ መዝገቡን ያለ ማስመሰል የሚያነብ ዘዴ ያስፈልጋል። ለዚያ የሚታሰበው አንዱ መንገድ ንባቡን ለሌላ ኳንተም ኮምፒውተር መስጠት ነው፤ ያ ማሽን ደግሞ መዝገቡን ተከትሎ ራሱ ሲሠራ ከስህተት መጠበቅ ይኖርበታል።